ጠዋት ላይ ውሃው ጥርት ብሎ ነበር

ውድ እታለም፣

ስልክ ደውዬ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺ ስልክ ላይ ሰው አታስጨርሺም፤ እኔ ደግሞ ካቋረጥሽኝ በኋላ የጀመርኩት ይጠፋብኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። ከሄድሽ ወዲህ እዚህ የሆነውን የሰማሽው ከእማዬ ብቻ ነው፤ እማዬን ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ ግማሹን ትተወዋለች፣ የቀረውን ታሳምረዋለች። እኔ የሠራሁትንና ያየሁትን ልንገርሽ። እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ከዚያ መቆጣት ካማረሽ ተቆጪ።

ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው። እኔም እዚያው የሐይቁ ጽሕፈት ቤት ነኝ፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ያለችው ክፍል። መስኮቴ የሚያሳየው መኪና ማቆሚያውን ነው። ባልደረቦቼ እስካሁን ይስቁብኛል፤ ቀኑን ሙሉ ሐይቅ ስታይ የምትውል ሴት፣ መስኮቷን ብትከፍት የምታየው የቆመ መኪና ጣሪያ።

ሥራዬን በደንብ አስረድቼሽ አላውቅም። ሳተላይቱ በላያችን ሲያልፍ ሐይቁን ያነሳል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። እኔ ምስሉን አውርጄ ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ ለማንበብ እሞክራለሁ። እማዬን መጀመሪያ ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነበር። «እና ሰው ሲታጠብም ያያል?» አለችኝ። «የለም እማዬ፣ ለሱ ሰው ማለት አንዲት ነጥብ እንኳ አይሞላም» ስላት፣ «ይሄ ሁሉ ወጪ ወጥቶበት ሰው ካላየ ምን ሊሠራ ተሰቀለ?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ሐይቁን ለኔ ያስተዋወቅሽኝ ግን አንቺ ነሽ። እማዬ ዳር ቆማ «ኧረ ውጡ! ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው!» እያለች ስትጮህ፣ አንቺ እጅሽን ከሆዴ ስር አድርገሽ «አትስሚያት፤ ተንፍሺ» ትይኝ ነበር። እጅሽን መቼ እንዳነሳሽው አላወቅኩም። ቀና ስል አንቺ ራቅ ብለሽ ቆመሽ ትስቂያለሽ፣ እኔ ተንሳፍፌያለሁ። በኋላ ለስንት ልጅ እንደዚያው አደረግሽ! ትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህርት አድርጎ ሲቀጥርሽ የዋና ገንዳ አልነበረውም። አንቺ የተጣለውን የጀልባ መጋዘን ለምነሽ ልብስ መቀየሪያ አደረግሽው፣ ሐይቁን ደግሞ ገንዳ። ሴት ልጅ ውሃ ዳር ምን ትሠራለች የሚሉትን ወላጆች ቤታቸው ድረስ ሄደሽ፣ «ልጅዎ የምትኖረው ሐይቅ ዳር ነው፤ መፍራት ያለብዎት ዋና ካላወቀች ነው» ትያቸው ነበር። እንቁራሪት ያልሻት ያቺ እግረ ረጅም ልጅ እንኳ፣ አባቷ በመጀመሪያው ሳምንት ሊወስዳት መጥቶ፣ ስትዋኝ አይቶ ቆሞ የቀረውን ታስታውሻለሽ?

የሐይቅ አቋራጭ ውድድሩም ያንቺ ልጅ ነበር። ከምሥራቁ ዳርቻ ተነስቶ የከተማው ባሕር ዳር ላይ የሚጨርስ፣ ከሌሎች ከተሞች ቡድኖች የሚመጡበት፣ ሴቶች ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንዶቹ እኩል የሚያቋርጡበት። ከቢሮ ቢሮ ስትለምኚ ጫማሽ ሲያልቅ አይቻለሁ። የከተማው ምክር ቤት በመጨረሻ «ይሁን» ያለ ቀን እማዬን አቅፈሽ ከመሬት አንስተሻት ነበር፤ እሷም «አውርጂኝ አንቺ እብድ!» እያለች ስትስቅ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ሳምንት ልምጣ።

ሰማዩ ብዙ ቀን ደመና ውጦት ቆይቶ ነበር። ደመና ካለ ሳተላይቱ የሚያነሳው ደመናውን ነው፤ ያን ጊዜ እኔ እንደማንኛውም ሰው ዕውር ነኝ። ውድድሩ ሲቃረብ ሰማዩ ተከፈተና ምስሉ መጣ። በተራ ዓይን ብታይው ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው። እኔ ግን የምፈልገው ሌላ ብርሃን ነበር። ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይበላል፤ ከቀዩ አለፍ ብሎ ያለውን፣ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ደግሞ መልሶ ይተፋዋል። ንጹሕ ውሃ ያንን ብርሃን ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ ውሃ ላይ ያ ብርሃን ተመልሶ ሲመጣ ካየሽ፣ ከታች ቅጠል መሰል ነገር እየበዛ ነው ማለት ነው። ያንን መርጬ ሳወጣው፣ ከወንዙ አፍ አካባቢ የወጣ ትልቅ ምላስ ወደ ሐይቁ መሐል ተዘርግቶ አየሁ። አልጌ ነው፤ ውሃ ላይ የሚራባ ደቃቅ አረንጓዴ ተክል። የተዘረጋውም የእናንተ መነሻ መስመር ላይ ነበር።

ወዲያው የላቦራቶሪ ባለሙያዋን ይዤ ወጣሁ። አንቺም ታውቂያታለሽ፣ ሁላችን ጠብታ የምንላት፣ ስታወራ እንኳ ቆጥባ የምታወራው። የጽሕፈት ቤቱን ጀልባ የሚነዳው ካፒቴን ቦታው ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋና ውሃውን አጎንብሶ አየ። «ታመመ የምትሉት ይሄ ነው? እኔ ከዚህ የባሰ ሻይ ጠጥቻለሁ» አለ። እውነቱን ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ብርሃን ላይ ካልያዝሽው በቀር ምንም አይታይም። ጠብታ ግን ማጉሊያው ላይ ካየችው በኋላ ቀና ብላ፣ «ሰማያዊ አረንጓዴው ነው። መርዝ ሊያወጣ የሚችለው ዘር» አለችኝ።

«ያወጣል?»

«ሊያወጣ ይችላል አልኩሽ።»

የመርዙን ምርመራ እኛ ጋ መሥራት አይቻልም ነበር። ናሙናውን ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ላክነው፤ ውጤቱ የሚመጣው ከውድድሩ በኋላ ነው። ሳተላይቱ አረንጓዴውን ያያል፤ መርዙን አያይም። የነበረኝ እንግዲህ ይሄ ነው፦ አንድ ምስል፣ አንድ ማጉሊያ፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ወደ ከተማው ሊነፍስ ነው የሚል የአየር ትንበያ፣ እና «ይችላል» የሚል አንድ ቃል። ለኃላፊዬ ከማቅረቤ በፊት ግን ላንቺ መንገር ነበረብኝ። ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰሚው አልፈለግኩም።

ባሕር ዳሩ ላይ ልጆቹን እያሟሟቅሽ አገኘሁሽ። ፊቴን አይተሽ ፊሽካሽን ከአፍሽ አወጣሽ።

«ምን ሆነሻል?»

ነገርኩሽ። ሁሉንም፣ የማላውቀውንም ጭምር። ዝም ብለሽ ሰማሽኝ፤ በሕይወትሽ ሳታቋርጪ የሰማሽኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ውሃው ገባሽ፣ እስከ ጉልበትሽ፣ በሁለት እጅሽ አንድ እፍኝ ቀዳሽና ጠጣሽው።

«ይኸው! ሞትኩ?»

ልጆቹ ሳቁ። «እታለም፣ የጠጣሽው ከዚህ ነው» አልኩሽ፣ «ልጆቹ የሚገቡት ግን ከማዶ ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ውሃ ውስጥ ነው የኖርኩት። እኔን ታምኛለሽ ወይስ ያንን ሥዕልሽን?»

«አንቺን አምናለሁ» አልኩሽ፣ «ውሃውን ነው የማላምነው።»

ፊሽካሽን ወደ አፍሽ መለስሽና ወደ ልጆቹ ዞርሽ። እኔም ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ስልኬን ከእጄ ሳላወርድ ዋልኩ፤ አንቺም ይህን አውቀሽ አመሻሹ ላይ «አልሞትኩም፤ በቃ ሥራሽን ሥሪ» የሚል መልእክት ላክሽልኝ። የጠጣሽውን ለእማዬ እስካሁን አልነገርኳትም። ይሄን አንድ ነገር ቁጠሪልኝ።

ኃላፊዬ ዘንድ ስገባ ከረባታቸውን እያስተካከሉ ነበር፤ ለእንግዶቹ የሚያደርጉት ንግግር ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል። ምስሉን አሳየኋቸው። እሳቸው ሳተላይቱን እንደ ግል ንብረቴ ነው የሚያዩት። «እና ያንቺ ሳተላይት መርዝ አለ ይላል?» አሉኝ።

«አይልም። አልጌ አለ ነው የሚለው። መርዝ መኖሩን የሚነግረን ምርመራው ነው።»

«ምርመራውስ የታለ?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው በእጅሽ ያለው ግማሽ ማስረጃ ነው።»

«አዎ፣ ግማሽ ነው። ሙሉው እስኪመጣ ከጠበቅን ልጆቹ ውሃ ውስጥ ገብተው ይሆናል። ሲዋኙ ደግሞ ይውጡታል፤ እኔ ራሴ ስማር ስንት ጊዜ ውጬዋለሁ።»

ተነስተው መስኮቱ ጋ ቆሙ። የሳቸው መስኮት ሐይቁን ያሳያል። «እንግዶቹ እኮ መንገድ ላይ ናቸው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ማን ሊፈርም ነው?»

«እኔ እፈርማለሁ።»

ውድድሩ ለጊዜው ይቁም የሚለውን ማስታወቂያ ጽፌ ፈረምኩበት። አንድም ጊዜ ልክ ነኝ ወይ ብዬ አልተጠራጠርኩም። ይህን ስልሽ ልኩራራብሽ ፈልጌ አይደለም። ያን ጊዜ ፊት ለፊት ልነግርሽ ሲገባኝ ዝም በማለቴ፣ ፈርቼ ያደረግኩት መስሎሽ እንዳይሆን ብዬ ነው። አልፈራሁም። ያለችኝን ትንሽ እውቀት አምኜባት ነው።

የውድድሩ ጠዋት ሲነጋ ግን ሐይቁ ተሳለቀብኝ። ነፋስ የለ፣ ሞገድ የለ፣ ውሃው እንደ መስተዋት ጥርት ብሎ፣ ከታች ያለው ጠጠር ሁሉ ይታያል። ማስታወቂያው ያልደረሳቸው ቡድኖች መጥተዋል። ሰው ዳር ዳሩን ሞልቶ ውሃውን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል። ልጆችሽ የዋና ቆባቸውን በእጃቸው ጨብጠው ያለቅሳሉ። እንቁራሪት መሬት ላይ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታ ነበር። ከእንግዶቹ አሠልጣኞች አንዱ ጣቱን ቀስሮብኝ «ይቺ ናት ጠንቋይዋ! ከሰማይ ነው አሉ የምታየው!» ሲል ሰው ሳቀ።

አንቺ ከወዲያ መጣሽ። እኔን አላየሽኝም። ሰውየው ፊት ቆምሽና «እህቴን ተዋት» አልሽው፣ «የውድድሩ ኃላፊ እኔ ነኝ፤ የምትናገረው ካለህ ከኔ ጋር ተናገር።» ከዚያ ወደ ልጆችሽ ተመለስሽ። ያን ቀን ቃል ሳትተነፍሺልኝ ተከላከልሽልኝ። እኔም አላመሰገንኩሽም፤ አፌን ብከፍት እንደማለቅስ ስላወቅኩ ነው። ይኸው ዛሬ አመሰግንሻለሁ።

ነፋሱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። በማግስቱ ባሕር ዳሩ የቀለም በርሜል የተገለበጠበት ይመስል ነበር፤ ወፍራም አረንጓዴ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ትናንሽ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው። ዜናው ሲሰማ ብቻሽን መጥተሽ ከጎኔ ቆምሽ።

«ልጆቼ ትናንት ቢዋኙ ኖሮ እኩለ ቀን ሳይሆን ጨርሰው ቤታቸው ይገቡ ነበር» አልሽ።

«አዎ፣ ይጨርሱ ነበር። ግን የሚነሱት ይሄ ከመጣበት ነበር።»

የምርመራው ውጤት ሲመጣ፣ በወንዙ አፍ የነበረው መርዝ ለዋና ከሚፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱን ቤትሽ ድረስ አመጣሁልሽ። በሩ ላይ ቆመሽ አነበብሽውና «እሺ፤ ትክክል ነበርሽ። ደስ ይበልሽ» አልሽኝ። ደስ አላለኝም እታለም። ትክክል መሆን ደስ የሚለው ብቻሽን ትክክል ካልሆንሽ ነው።

የሚቀጥለውን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ምክር ቤቱ ተሰብስቦ «ሐይቁ ለጤና አስጊ በመሆኑ» ብሎ ውድድሩን ለአንዴና ለመጨረሻ ሰረዘው። የዋና ቡድኑም ባሕር ዳሩን እንዳይጠቀም ተከለከለ፤ የልብስ መቀየሪያው በር ተቆለፈ። የኔ ወረቀት የሚለው ሌላ ነበር፤ «ለጊዜው» ነበር የሚለው። እነሱ ግን ከድሮም ሸክም ሆኖባቸው የነበረውን ነገር የሚጥሉበት ሰበብ አገኙ፤ ሰበቡም እኔ ሆንኩ። አንቺ ገንዳ ያለው ትምህርት ቤት ያለበት ከተማ ሥራ አገኘሽና ሻንጣሽን ያዝሽ። አውቶቡስ ጣቢያ ያልሽኝን አልረሳሁትም፤ «አንቺ አንድ ቀን ዘጋሽው፣ እነሱ ለዘላለም ዘጉት። በየትኛችሁ እንደተናደድኩ እኔም አላውቀውም።»

ከዚያ በኋላ ሆድና ጀርባ ሆንን። ስንደዋወል እንኳ ስለ እማዬ ጉልበት ነው። አሁን ግን ያን ጊዜ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ቢሮ ነው የተመለስኩት። አላለቀስኩም። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ማንም አውጥቶ አይቷቸው የማያውቃቸውን የቀድሞ ዓመታት የሐይቁን ምስሎች ማውረድ ጀመርኩ። አንድ ነገር መጠየቅ ፈልጌ ነበር፤ ሐይቁ እውነት ሁልጊዜ የታመመ ነው? ወይስ አንድ የሚያሳምመው ነገር አለ?

ሥራው ወራት ፈጀ። ደመና ያለበትን ስጥል፣ የቀረውን ጎን ለጎን ስደረድር፣ ሐይቁ አብዛኛውን ዓመት ጤነኛ ሆኖ አገኘሁት። የሚታመመው ከመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበረታና ነፋሱ ሲተኛ ነው። ምላሱ ደግሞ ሁሌ ከአንድ ቦታ ነው የሚወጣው። ሁላችን ከወንዙ ይመስለን ነበር። አይደለም። ከወንዙ ወረድ ብሎ ካለ፣ ካርታ ላይ እንኳ ስሙ ካልተጻፈ አሮጌ ቦይ ነው።

ከጠብታ ጋር የጎማ ቦት ጫማ አድርገን ቦዩን ይዘን ወደ ላይ ወጣን። ሸምበቆው ከራሳችን በላይ ነበር። እሷ ፊት ፊት እየሄደች በየመሐሉ ውሃ ትቀዳለች፤ እኔ ከኋላ በጭቃ እየተንሸራተትኩ «እኔ እኮ ከሰማይ የማይ ባለሙያ ነኝ» እያልኩ አማርራለሁ። «እንግዲያው አሁን መሬቱን እይ» አለችኝ። የደረስንበት የከተማው ፍሳሽ የሚጣራባቸው ኩሬዎች ጋ ነው። የአንዱ ኩሬ ግድብ ከሸምበቆው ስር ተንዶ፣ ያልተጣራው ፍሳሽ ቀስ እያለ ወደ ቦዩ ይንጠባጠባል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ይገነፍላል። አልጌ የሚፈልገው ምግብ ሁሉ እዚያ ነበር። የኩሬዎቹን ተቆጣጣሪ ጠርተን ስናሳየው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየና «ይሄ እንኳ ከኔ በፊት የነበረ ነው» አለን።

ምክር ቤቱ ፊት ቀረብኩ። ስገባ ሊቀመንበሩ ጎናቸው ላለው ሰው «ሴትዮዋ ደግሞ መጣች» ሲሉ ሰማኋቸው፤ እንድሰማ ብለውም ሳይሆን አይቀርም። ምስሎቹን ተራ በተራ ግድግዳው ላይ አበራሁላቸው። ስጨርስም፣ «ሐይቁን ያቆሸሹት የሚዋኙት ልጆች አይደሉም። እናንተ ልጆቹን ከልክላችሁ ቦዩን ለቀቃችሁት» አልኳቸው። አንቺ ብትኖሪ ታጨበጭቢ ነበር፤ እዚያ ግን ማንም አላጨበጨበም። «እናየዋለን» አሉኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለታቸው ነበር።

ነገሩን የለወጠው የቀጣዩ ሙቀት ወቅት ነው። ምላሱ እንደገና ወጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከሁልጊዜው በልጦ፣ አቅጣጫውም የከተማው የመጠጥ ውሃ ወደሚሳብበት ነበር። የውሃ ማጣሪያ ጣቢያው ኃላፊ ዘንድ ደወልኩ። እሷ ኮስታራ መሐንዲስ ናት፤ ሰላምታ እንኳ አታበዛም።

«መቼ ይደርሳል?» አለችኝ።

«ነፋሱ ካልተለወጠ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ስለ አልጌው እርግጠኛ ነኝ። ስለ ነፋሱ አይደለሁም።»

«ይበቃኛል» ብላ ዘጋችው። ላይ ላይ ከሚስበው ቧንቧ ወደ ጥልቁ ቀየረች፤ አልጌው የሚንሳፈፈው ላይ ነው፣ ከታች ያለው ውሃ ይሻላል። ማጣሪያውንም አጠናከረች፣ ናሙና በየጊዜው አስወሰደች። አረንጓዴው ሲደርስ ባሕር ዳሩ እንደዚያን ጊዜው ሆነ፤ ከየቤቱ ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ግን በየምርመራው ንጹሕ ሆኖ አለፈ። መሐንዲሷ ምክር ቤቱ ፊት ሄዳ የተናገረችው አጭር ነው፤ «እሷ ባትደውልልኝ ኖሮ ዛሬ እናንተም ልጆቻችሁም ምን እንደምትጠጡ አላውቅም ነበር። ግድቡን ሥሩት።» ተሠራ። ሊቀመንበሩም ሬዲዮ ላይ ቀርበው፣ «እኛ ሁሌም ሳይቃጠል በቅጠል ነው የምንለው» ብለው ተናገሩ። እማዬ ሬዲዮኑ ላይ ሁለት እጇን አንስታ «ኧረ በሞትኩት!» አለች።

ግድቡ ከተሠራ ወዲህ ምላሱ ከዝናብ ዝናብ እያጠረ መጥቷል። በዚህ ዓመት ከቦዩ አፍ ብዙም ርቆ አልወጣም። ሐይቁ ድኗል አልልሽም። ጭቃው ውስጥ የተከማቸው ገና አለ፤ ሙቀት ሲበረታ ሊነሳ ይችላል። ግን እየተሻለው ነው። ይህን የምልሽ ተስፋ ልሰጥሽ አይደለም፤ በየጊዜው የለካሁት ነው።

በቅርቡ ደግሞ አንዲት ወጣት ሴት ቢሮዬ ገባች። ቁመቷ በሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። «አላወቅሽኝም?» አለችኝ። እግሯን ሳይ አወቅኳት። እንቁራሪት! አሁን እሷም አስተማሪ ሆናለች። ወንበሩ ላይ ተደላድላ ከተቀመጠች በኋላ፣ «ያን ጊዜ በጣም ጠልቼሽ ነበር» አለችኝ፣ እንዲህ ፊት ለፊት። «አሁንስ?» ስላት፣ «አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። መዋኘት እንችላለን?»

ምስሎቹን አወጣሁላት። ወንበሯን አስጠግታ ከጎኔ ተቀምጣ አየች፤ የሚገባትን ያህል ጠየቀች፣ ከሚገባትም በላይ ጠየቀች። ስንጨርስ፣ «በደረቁ ወቅት ከሆነ፣ መነሻው ከቦዩ ርቆ ከተሠራ፣ ከውድድሩ በፊት ደግሞ ውሃው ከተመረመረ፣ አዎ ትችላላችሁ» አልኳት። ከጓደኞቿ ጋር ሆና ያንን ይዛ ምክር ቤት ገባች። እኔም ጠብታም መሐንዲሷም ከጎኗ ቆምን። ሊቀመንበሩ ወዲያና ወዲህ አሉ፤ መጨረሻ ላይ ፈቀዱ። አሁን እኛም የመርዙን ምርመራ እዚሁ የምንሠራበት መሣሪያ አለን፤ ውጤት ከሩቅ አንጠብቅም። የመቀየሪያው ቁልፍም ተከፍቷል። ውስጡ ሸረሪት ያደራበት ነበር፤ ልጆቹ ጠርገው ቀለም ቀቡት፤ ቀለሙ ግን አይወደድም፣ ራስሽ መጥተሽ ትፈርጂያለሽ።

አዎ፣ መጥተሽ። የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው። የሐይቅ አቋራጩ ተመልሷል፣ አዘጋጅ ኮሚቴውም የውድድሩ ኃላፊ እንድትሆኚ ይፈልጋል። እንቁራሪት «እሷ ካልመጣች እኔ ማንንም ውሃ አላስገባም» ብላ ተሰብሳቢው ፊት ተናግራለች፤ ከማን እንደተማረችው እናውቃለን። ኮሚቴው በማኅተም የተዋበ ጥሪ ሊልክልሽ ነበር፣ «ቆዩ፣ መጀመሪያ እኔ ልጻፍላት» አልኳቸው።

ከመምጣትሽ በፊት ግን አንድ ነገር በግልጽ ልንገርሽ፣ በኋላ እንዳንጣላበት። ውሃው የዚያን ቀን ደህና እንደሚሆን ቃል አልገባልሽም። ማንም ሊገባልሽ አይችልም። ቃል የምገባልሽ ሌላ ነው። ምስሉን እኔ ራሴ አያለሁ፣ ከካፒቴን ጋር ራሴ እወጣለሁ፣ ያገኘሁትን ከማንም በፊት ላንቺ እነግርሻለሁ። ደህና ከሆነ ዳር ቆሜ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እጮህላችኋለሁ። ደህና ካልሆነ ግን እታለም፣ ልጆቹ ቆባቸውን አድርገው ቢሰለፉም፣ እንግዶቹ መንገድ ቢጀምሩም፣ አንቺ ዓይን ዓይኔን እያየሽኝም እንደገና እፈርማለሁ።

ትቆጪ ይሆናል፤ ተቆጪ። ብቻ በዚህ ጊዜ ተቆጥተሽ አትሂጂ፣ ተቆጥተሽ ቤት ግቢ። አልጋሽ እንዳለ ነው።

የምትመጪበትን ቀን ለእማዬ ሳይሆን ለኔ ንገሪኝ፤ ጣቢያው ድረስ መጥቼ ሻንጣሽን እኔ እሸከማለሁ።

ሁሌም የምትወድሽ፣
ታናሽሽ